የተዛወረው ሰፈራችን

ለትምህርት በመጣሁባት የአሜሪካዋ ሲያትል፣ ሬኒየር ቢች በሚባለው ሰፈር የማኅበረሰብ ማዕከል ግድግዳ ላይ የምርጫ ክልሎችን ካርታ ሳይ፣ ያደግኩባት ሜልበርን ትዝ አለችኝ።

እዚያ ልጅ ሳለሁ፣ አያቴ እንዳስተረጉምላቸው ብለው፣ የአክስቴን ቪዛ ይከታተልልን ወደነበረው የአውስትራሊያ ፓርላማ ተወካያችን ቢሮ ወሰዱኝ። ቢሮው አዲስ ምንጣፍ ይሸት ነበር። ጸሐፊዋ ካርታ ዘርግታ፣ ወሰኑ ስለተቀየረ ሰፈራችን ወደ ጎረቤቱ የምርጫ ክልል መግባቱንና ከሌላ ተወካይ ጋር እንደ አዲስ መጀመር እንዳለብን በትሕትና ነገረችኝ።

«ቤቴ ካለበት አልተነቃነቀም፤ እኔን ማን አዛወረኝ?» አሉ አያቴ።

«አባባ፣ ሕጉ ነው ትላለች።»

«እሺ፣ እዚህ ደጅ የጠናሁት እዚያ ይቆጠርልኛል ወይ? ጠይቃት እንጂ!»

ጠየቅኋት። አንገቷን ደፍታ ካርታውን አጠፈችው።

አሁን እዚህ ሲያትል፣ ግድግዳው ላይ ባለው ካርታ ያሉትን መስመሮች በጣቴ እከተላለሁ። አክስቴ እስከ ዛሬ አዳማ ናት።