ልጇ የጻፈችው ማጽናኛ

ልብስ ሰፊዋን ደንበኞቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ናት፣ የያዘችውንም ቶሎ አትለቅም። መማር የጀመረችውን አዲስ ቋንቋ ግን እንደ ጋለ ካውያ ነበር የያዘችው። ትምህርቱ በስልክ ነው። ቅዳሜ ጠዋት መምህሩ ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት ያጣምራቸዋል፤ ድምፅ የለ፣ ፊት የለ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ መጻጻፍ ብቻ። በመጀመሪያው ቀን ጣቷ ከፊደል ፊደል ሲንከራተት አብራት የተጣመረችው ተማሪ «እህት፣ እንቅልፍ ወሰደሽ እንዴ?» ብላ ጻፈችባት። በሳምንቱ ስልኩን ለልጇ ሰጠች።

ልጅቱ ቋንቋውን ታውቀዋለች፤ ጣቶቿ እንደ ካፊያ ይወርዳሉ። እናት የስፌት መኪናዋን እየረገጠች፣

«ምን አለ ሰውየው?»

«ሰላምታ ነው እማዬ፣ አንቺ ቀሚስሽን ጨርሺ።»

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ መምህሩ ያጣመራት ከአንድ የአውቶቡስ ሹፌር ጋር ነው። ወር ሙሉ እንዲህ አለፈ።

ዛሬ ልጅቱ ፈተና ላይ ናት። ስልኩ ጮኸ። መርፌ መዝገበ ቃላቷን እያገላበጠች መልእክቱን ፈታችው፦ «እህቴ፣ ባለፈው የጻፍሽልኝን ገልብጬ መሪው አጠገብ ለጥፌዋለሁ። አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?»

ያለፈውን ሳምንት ወደ ላይ እየሳበች አነበበች። የሹፌሩ እናት ሞታ ኖሯል። መርዶው እዚህ ክፍል ገብቶ፣ እሷ አጠገቡ ተቀምጣ ዚፕ ስትተክል ነበር! የልጇ ማጽናኛ አንጀት ይበላል፤ ማማሩ ነው የገደላት። ማንም ሳያያት ፊቷን በጨርቁ ሸፈነች።

«በርታ» ብሎ መገላገል ይቻል ነበር። እሷ ግን ላብ እያጠመቃት በተንጋደደ ቋንቋ ጻፈች፦ «እኔ አልጻፍኩም። ልጄ ጻፈች። እኔ ሰፋሁ።»

ሹፌሩ መልሶ ጻፈ፦

«ያዘነችልኝም ልጅሽ ናት?»

«አዎ። እኔ ዛሬ አነበብኩ። ዛሬ አዘንኩ። ይቅርታ ወንድሜ።»

ከመጻጻፉ ይወጣል ብላ ጠበቀች፤ ቢወጣ በወደደች። እሱ ግን ዘግይቶ ለመጣ ለቀስተኛ እንደሚነገረው፣ በአጫጭር ቃል ከመነሻው ጀመረላት። «ማክሰኞ ነበር። ራሴን አመመኝ አለች።» ቀጥሎ የመጣውን ቃል አላወቀችውም። በሰው እናት ሞት መሃል የቃል ፍቺ መጠየቅ! አፍራም ጠየቀች። እሱም አስረዳት።

በሩ ተንኳኳ፤ የቀሚሱ ባለቤት ናት።

«አላለቀልኝም እንዴ?»

«ትንሽ ታገሺኝ የኔ እመቤት፣ ሰው ሞቶብኝ ነው» አለች መርፌ፤ ቃሉ ከአፏ እንደወጣም የሰውን ሐዘን የራሷ በማድረጓ አፈረች።