ቁልቁለት ላይ የተደረገ ዱአ

የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሲሸት ሌላው ተሳፋሪ አፍንጫውን ይይዛል፤ እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ። አይፈረድብኝም፣ ለእኔ የሰርግ ሽታ ነው።

በደርግ ጊዜ ነው። ታላቅ እህቴ ከከሚሴ በላይ ካለችው መንደራችን ለባቲ ሰው ተዳረች። አያታችን በወጣትነታቸው በቅሎ እየነዱ ባቲ ገበያ ይመላለሱ ስለነበር ሙቀቱንም ወባውንም ያውቁታል። "ልጄን ለበረሃ አልመርቅም" ብለው በሰርጉ ጠዋት ከቤት ወጡ። ያለ እሳቸው ዱአ የወጣች ሙሽራ በቤታችን አልነበረችም። እህቴ ተከናንባ የጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች።

ሙሽራውና ሚዜዎቹ ከኋላ ማሽላ የሞላ ጆንያ ላይ ወጥተው ያጨበጭባሉ። ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ባቲ መግባት አለብን። ቁልቁለቱን ስንጀምር የጨፋ ሜዳ ከሩቅ በፀሐይ ቢጫ ሆኖ ይታይ ነበር፤ አቧራው እንኳ የሚያበራ ይመስለኛል አሁን ሳስበው። መታጠፊያው ላይ አያታችን መንገዱ መሃል ቆመዋል። በቅሎ እንደሚያስቆም ሰው አንድ እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተዋል።

ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ያን ሁሉ ማሽላ የተሸከመ መኪና በቁልቁለት የት ይቆማል! ጎማው መሽከርከሩን ቢያቆምም ጭነቱ ከኋላ እየገፋ አንሸራተተን። ሽታው ጋቢናውን ሞላው። እህቴ "አባባ!" ብላ ጮኸች። እሳቸው ንቅንቅ አላሉም። መኪናው እጃቸውን ሊነካ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ።

ረዳቱ ዘሎ ጎማው ስር ድንጋይ ወሸቀ።

"አባቴ፣ በአላህ! በቅሎ መሰለዎ እንዴ?" አለ ሾፌሩ። "ፍሬኑ ግሏል፣ ድንጋዩም ብዙ አይይዝልንም። ቶሎ ይበሉ!"

አያታችን ደግሞ ዱአ ከጀመሩ እንግዳው ወጥ ቀዘቀዘ ብሎ የሚቁነጠነጥባቸው ሰው ነበሩ። እጃቸውን በመስኮት አስገብተው የእህቴ ራስ ላይ አኖሩ።

"ያ ረቢ፣ ልጄን..." ክንብንቧን ዳሰሱ። "ነጋን ገሊ፣ ልጄ፣ በሰላም ግቢ። ያ ረቢ፣ ሙቀቱን..."

ድንጋዩ ከጎማው ስር ፈነጠረ። ሾፌሩ "ይራቁ!" ብሎ በአንደኛ ማርሽ ለቀቀው።

ዞሬ አየኋቸው። መንገድ ዳር ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ምን እንደሚሉ አይሰማም። የእሷና የእሳቸው የመጨረሻ መተያየት ያ ሆነ፣ ዓመቱ ሳይሞላ ሞቱ። እህቴ ክንብንቧን ገልጣ "አሚን" ማለት ጀመረች። ከዓይናችን ከጠፉ በኋላ፣ ሜዳው ላይ ወርደን፣ ከሚሴንም አልፈን "አሚን" ትላለች፤ ገና እንዳልጨረሱ ታውቃለች።