ድምፅ የጠፋበት የስፌት መኪና

መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ ካሉት ልብስ ሰፊዎች መካከል በድሪን በምላስ የሚያህለው አልነበረም፤ በስንፍናም እንደዚያው። ደንበኛ ሲደውልለት መርፌውን ከፍ አድርጎ፣ ድምፁ በስልኩ እንዲሰማ ባዶውን የስፌት መኪና በእግሩ እየረገጠ፣ «ይኸው፣ ያንቺን እየሰፋሁ ነው!» ይላል። ጨርቁ ግን ገና ከፌስታሉ አልወጣም።

የመንገዱ ጫጫታ ንግግሩን እየዋጠ ሲያስቸግረው፣ ፈረስ መጋላ በሚባለው አደባባይ የሚሠራው ስልክ ጠጋኝ ዮሲ አንድ መተግበሪያ ጫነለት።

«ጋሽ በድሪ፣ እርስዎ ሲያወሩ ጫጫታውን እዚያው ስልኩ ውስጥ ያጣራል። ድምፅዎን አያዘገይም፤ ባትሪም አይጨርስም።»

«የኔ ድምፅ ብቻ ይሰማ እንጂ!» አለ በድሪ፣ ሰው ሁሉ ድምፁን የተራበ ይመስል።

በማግስቱ እትዬ ወለተሥላሴ ለልጃቸው ምርቃት ስላዘዙት ቀሚስ ደወሉ። በድሪ ባዶውን መኪና ይረግጥ ጀመር።

«እየሰፋሁት ነው፤ አይሰማዎትም?»

«ያንተ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል። መኪናው ግን ጭጭ ብሏል።»

ላብ እስኪያጠምቀው ረገጠ። እሱ በረገጠ ቁጥር መተግበሪያው የመኪናውን ድምፅ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ እየጠረገ ያስቀርበታል። እትዬ ወለተሥላሴ ስልኩን ዘግተው በባጃጅ መጡ፤ ጨርቃቸውንም እንደታጠፈ አገኙት።

«አንተ ዘንድ የሰፋው አፍህ ብቻ ነው!» ብለው አንስተው ለጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ለሐምዲ ሰጡት።

በድሪ ማፈር የሚባል አልፈጠረበትም። ዮሲ ዘንድ ሄዶ፣ «ጫጫታዬን መልስልኝ!» ብሎ ጮኸበት። ዮሲ ነገሩ ሳይገባው መተግበሪያውን አጠፋለት። ወሬው ግን ቀድሞ ሰፈሩን አዳርሶ ነበርና፣ ደንበኞቹ ጨርቃቸውን እየያዙ ወደ ሐምዲ ተሻገሩ።