የጫኖው ፓምፕና የሰኞ ስብሰባ

ይህ ሥራ ያስከፈለኝ አንድ በጋ ሙሉ የተዘጋ ሱቅ ነው። ሲቀላ ሰፈር የቧንቧ ዕቃ እሸጥ ነበር፤ ደንበኞቼን ጎረቤቴ ወረሳቸው። ጫኖ ላይ ለሙዝ እርሻ ውሃ የሚያደርስ የመስኖ ፕሮጀክት በግዥ ሠራተኛነት ሲቀጥረኝ፣ ደመወዝተኛ ልሆን ነው ብዬ ኮት አሰፋሁ።

የመጀመሪያው ቀን ሰኞ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ኢንጂነር ፍቃዱ "ቅድሚያ ለቦዩ! ሲሚንቶ ግዛ" አሉኝ። ሻጭ ሳነጋግር ደወሉ፤ "ሲሚንቶው ይቆይ፣ ቅድሚያ ለፓምፑ።" በሳምንቱ ቅድሚያው አጥር ሆነ። ከዚያ ወዲህ ስታዘዝ "እሺ" እላለሁ እንጂ ቶሎ አልገዛም።

ከኢንጂነሩ ሥር ሁለት መሐንዲሶች ነበሩ። ቢኒያም ቦዩ ካላለቀ ሌላ ሥራ አይነካም። ሰላማዊት ፓምፑ ካልተተከለ ቦይ የሚባል ነገር መስማት አትፈልግም።

"ውሃ የሌለው ቦይ ምን ያደርግልሃል? ልትተኛበት ነው?" ትለዋለች።

"ፓምፑስ ውሃውን የት ሊተፋው ነው? ጫማሽ ላይ?"

አለቃቸው አንድ ሳምንት ለእሱ፣ አንድ ሳምንት ለእሷ ይፈርዳሉ። ግማሽ ቦይ ታቅፈን ቀረን።

የሚደርቀው ደግሞ የባለቤቴ አጎት የጋሽ ማዳልቾ ሙዝ ነው። ልጆቻቸውን የሚያስተምሩት በእሱ ነበር። ቤቴ ውስጥ እራት በዝምታ ይቀርብልኝ ጀመር።

ጋሽ ማዳልቾ አለቃውንም ሁለቱንም መሐንዲሶች ሽማግሌዎች ነገር ወደሚያዩበት ሜዳ፣ ወደ ዱቡሻ አስጠሯቸው። እዚያ ሰው ተነስቶ ሲናገር ማንም አያቋርጥም። ቢኒያም ተናገረ፤ ሰላማዊት ከንፈሯን ነክሳ ቻለች። እሷ ስትናገር እሱ ሣር ሲነጭ ቆየ። ኢንጂነሩ ግን ስብሰባ ላይ ሁልጊዜ ስለሚቋረጡ፣ ዝም ተብለው ሲደመጡ ማቆሚያ አጡ።

"እኔስ ምን ላድርግ?" አሉ በመጨረሻ። "ሰኞ ጠዋት ከዚህም ከዚያም ይደወልልኛል። መጨረሻ የደወለውን ይዤ ስብሰባ እገባለሁ።"

ሽማግሌዎቹ ስለ ሰላም መከሩ። እኔ ግን የያዝኩት ይህችን የኢንጂነሩን ቃል ብቻ ነው።

ስንመለስ "ጋሼ፣ ስልክዎ ካርድ አለው?" አልኳቸው ጋሽ ማዳልቾን።

"ለምን?"

"ሰኞ ስብሰባው ሊጀመር ሲል ለኢንጂነሩ ይደውሉላቸው። ቦዩን ጨርሱልኝ ይበሉ። ቦዩ ሲያልቅ ደግሞ ፓምፑን።"

"ታዲያ አለቃው እኔ ሆንኩ ማለት ነዋ?"

"ያለ ደመወዝ።"

ከዚያ በኋላ ቅድሚያው አልተነቃነቀም። ቦዩ አለቀ፣ ፓምፑ ተተከለ። ሁለቱ መሐንዲሶች በፓምፕ ቤቱ ቀለም መጣላት ጀመሩ፤ ጠባቸው ውሃ ስለማይዘጋ ተውናቸው።

ግዥ ላይ ለምትመደቡ፦ ሁለት መሐንዲስ ከማስማማት አለቃቸው ዘንድ መጨረሻ መደወል ይቀላል። ከጋሽ ማዳልቾ ሙዝ ግማሹ ተረፈ፤ ግማሹ ደርቆ ተነቀለ።