አሥር ተቆጥሮ ያልተነሣሁበት ጠዋት

መጀመሪያ የተሰማኝ የልቤ ምት ነበር። ሰበታ፣ ኦቦ ለሜሳ ቁርስ ቤት ውስጥ፣ ጨጨብሳዬን ፊቴ አስቀምጬ የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ እያየሁ ልቤ ድንገት ሥርዓቱን አጣ። ፈጥኖ ቢመታ አይገርመኝም ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሴኮንድ ቀርቶት ቡድናችን በአንድ ነጥብ እየመራ የማንስ ልብ ይረጋል? የኔ ግን ሁለቴ ይመታል፣ አንዱን ይዘላል፣ ደግሞ ሦስቱን አከታትሎ ይደበድባል። ጨዋታው አለቀ፣ አሸነፍን፣ ሰው ሒሳቡን ከፍሎ ወደ ሥራው ሄደ። እኔ ክፍል ገብቼ ሰሌዳ እስካጸዳ ድረስ ልቤ አላረፈም።

«የደጋፊ ልብ ነው» ብዬ ተውኩት። ይህን ለምታነቡ፣ እናንተም ሆናችሁ የምታስታምሙት ሰው ተመሳሳይ ነገር ከገጠማችሁ፣ ከዚህች ዓረፍተ ነገር ተጠንቀቁ። እኔን ልትገድለኝ ነበር።

ሰበታ ውስጥ የአምስተኛ ክፍል አማርኛ አስተማሪ ነበርኩ። አማርኛ አስተማሪና የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ምን አገናኛቸው የሚለኝ ብዙ ነው። ያገናኛቸው ሰዓቱ ነው። የቡድናችንን ስም አልጠራም፣ ተቃዋሚ ደጋፊ ካነበበው ጭቅጭቅ ይነሣል፤ ብቻ የምዕራቡ ዳርቻ ቡድን ነው። እዚያ ማታ ሲጫወት እዚህ ጎህ ይቀዳል። ስለዚህ ሰው ሥራ ሳይገባ፣ ወደ ተጂ የሚወጡ ሾፌሮች፣ የፋብሪካ ሠራተኞችና የባጃጅ ልጆች ኦቦ ለሜሳ ቤት ተሰብስበው ቁርሳቸውን እየበሉ ያያሉ። እኔ የእንግሊዝኛውን አስተላላፊ ወሬ እየቀማሁ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ አስተላልፍ ነበር። ድምፄ ከቴሌቪዥኑ ይበልጣል። ሰናይት፣ ባለቤቴ፣ «አንተ እኮ ተኝተህም ታስተላልፋለህ» ትለኝ ነበር።

አወዳደቄም ዝነኛ ነበር። አንድ ጠዋት የኛ ተጫዋች ከሜዳው መሐል ወርውሮ ኳሷ አየር ላይ እያለች ሰዓቱ አለቀ፤ ኳሷ ገባች። እኔ በደስታ ወደ ኋላ ግድግዳው ሥር የተደረደሩት የዱቄት ጆንያዎች ላይ ተዘረርኩ። ኦቦ ለሜሳ ስለ ቅርጫት ኳስ የሚያውቁት ነገር የለም፣ ቦክስ ግን ይወዳሉ። አጠገቤ ተንበርክከው እንደ ቦክስ ዳኛ ጣታቸውን እያነሡ መቁጠር ጀመሩ። «ቶኮ! ለማ! ሰዲ!» ቤቱ ሁሉ ተቀበላቸው። «ኩደን!» ሲሉ፣ አሥር ማለታቸው ነው፣ ዘልዬ ተነሣሁ። ከዚያ ወዲህ የቤቱ ልማድ ሆነ። ስናሸንፍ እወድቃለሁ፣ ስንሸነፍ እወድቃለሁ፣ ዳኛው የገባ ነጥብ በቪዲዮ አይቶ ከሻረብን ሁለቴ እወድቃለሁ። ቶሎሳ የሚባል የባጃጅ ሾፌር ስወድቅ እየቀረጸ ቲክቶክ ላይ ይለጥፋል። ሾፌሮች የሚቆሙት ጨዋታውን ሳይሆን እኔን ለማየት ነው ይባል ነበር፤ ይህን የምለው እንኳ እኔው ነኝ።

በዚያ ወቅት ሕመሙ እየጠና ሄደ። ከዋናው መንገድ ወደ ትምህርት ቤቱ ያለችውን አጭር ዳገት ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኝ ጀመር። ጋደም ስል ስለምታፈን በሁለት ትራስ መተኛት ለመድኩ። ሰናይት ወተወተችኝ፣ ክሊኒክ ሄድኩ። «ጨዋታ ሳይ ልቤ ይመታል» አልኩት የተቀበለኝን ባለሙያ። «አትይዋ እንግዲህ!» ብሎ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ጨዋታ በሌለበት ቀንም እንደሚመታ፣ ዳገት እንደሚያቅተኝ፣ ስለ ትራሱም አላነሣሁለትም። በሽታዬን ስሙን አውጥቼ ሰጠሁት፣ እሱም ተቀበለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። የጥሎ ማለፉ የመጨረሻ ጨዋታ ነው፣ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በአንድ ነጥብ ተመርተናል። የኛ ሰው ወረወረ፣ ኳሷ ቀለበቱን መትታ ተመለሰች። ሌላው ዘሎ በጣቱ ጫፍ ነካት፣ ገባች። ደወሉ ጮኸ። ቀድሞ የቱ ሆነ፣ ደወሉ ወይስ ኳሷ? ዳኞቹ ቪዲዮ ሊያዩ ሄዱ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

አፌን ከፈትኩ። «ኳሷ ከእጁ ወጥታለች» ልል ነበር። የወጣው ሌላ ነገር ነው። ቃል አይደለም። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አዲስ ቀልድ መሰላቸው። ደግሜ ሞከርኩ። ያው ነው። የሻይ ብርጭቆው ከቀኝ እጄ ወደቀ። እጄ መልቀቁን አላወቅሁም። ከዚያ ወደቅሁ። ጆንያው ላይ አይደለም። በጎኔ፣ ሲሚንቶው ላይ።

«ቶኮ!»

ሁሉንም እሰማለሁ። «ለማ! ሰዲ! አፉር!» ልነሣ ፈልጌያለሁ። እግሬን አዘዝኩት፣ አልመጣም። «ሸን! ጀአ!» የኦቦ ለሜሳ ጫማ ፊቴ ነበር፣ ጭቃው ይታየኛል። ፈራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። «ቶርባ! ሰዴት! ሰገል! ኩደን!» ቤቱ አጨበጨበ።

አልተነሣሁም።

«ዛሬስ ሃያ ሊያስቆጥረን ነው!» አሉ ኦቦ ለሜሳ እየሳቁ። እንደገና ከቶኮ ጀመሩ። መሐል ላይ ዳኛው ውሳኔውን ተናገረ፤ ቤቱ በአንድ ጊዜ ጮኸ፣ ወንበር ተገፋ፣ ሰው ቴሌቪዥኑ ሥር ተሰበሰበ። የደስታ ጩኸት ይሁን የንዴት ለይቼ አላወቅሁም። መሬት ላይ ሆኜ ብቻዬን ነበርኩ።

ያየኝ ቶሎሳ ነው፣ ያውም በስልኩ መስታወት ውስጥ። «ኦቦ ለሜሳ፣ ኢላ! አፉን እዩት፣ አፉ ተጣሟል እኮ! ቲቸር? ቲቸር!»

ደነገጡ። ቀና አድርገው አስቀመጡኝና ስኳር በጥብጠው አጠጡኝ። በፍቅር ነው ያጠጡኝ። ውኃው በትክክለኛው መንገድ አልወረደም፤ ወደ ሳንባዬ ገባ። ታፈንኩ። ይህን አስታውሱልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ቶሎሳ በባጃጁ ዋናው መንገድ አደረሰን፣ ከዚያ እሱና ኦቦ ለሜሳ ሚኒባስ ለምነው አብረውኝ ተሳፈሩ። ዓለም ገና ላይ መንገዱ ተዘግቷል። አየር ጤናም እንዲሁ። ሰናይት ከቤት ሮጣ ደርሳ ነበር፣ ራሴን ጭኗ ላይ ይዛ ስሜን ትጠራለች። ስሟን ልጠራላት ፈለግሁ። አልነበረም። ተረስቶኝ አይደለም፣ ማን እንደሆነች አውቃለሁ። ስሙ ከነበረበት ቦታ የለም።

አዲስ አበባ የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ሴት ናት። መጀመሪያ የጠየቀችው መቼ እንደጀመረኝ ነው። አንዱ «አሁን ነው» ይላል፣ ሌላው «ቆይቷል» ይላል። ቶሎሳ ስልኩን ሰጣት። ከፈተችው። የምርመራ ክፍሉ በሳቅና በጭብጨባ ተሞላ። ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ።

«ማን ነው የሚቆጥረው?» አለች።

ኦቦ ለሜሳ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

ቪዲዮውን ወደ ኋላ መለሰችው። «ሲወድቅ ቀኝ እጁ አልተዘረጋም፣ እዩት። ሰው ሲወድቅ እጁን ይዘረጋል። ብርጭቆውም ቀድሞ ነው የወደቀው።» ከዚያ ወደ ሰናይት ዞረች። «ስትሮክ ይመስለኛል። ሲቲ ስካን እናነሣዋለን።»

ስትሮክ ነበር። የረጋ ደም በግራ በኩል፣ ንግግርን የሚያዝዘውን የአንጎል ክፍል ዘግቶታል። ቃል የማጣቱ ስም አፌዥያ ነው። በማግሥቱ ልቤን በኢኮ፣ በልብ አልትራሳውንድ፣ አዩት። ሐኪሟ ለሰናይት ያስረዳቻትን እኔም እሰማ ነበር፦ «ማይትራል የሚባለው የልቡ በር ጠቧል። ልጅ ሳለ ጉሮሮው ይታመም ነበር? ጉልበቱ አብጦ ያውቃል?» ሰናይት እናቴ ጋ ደወለች። እናቴ ታስታውሳለች፤ በቶንሲል እየተመላለስኩ አንድ ክረምት በሙሉ ጉልበቴ አብጦ ተኝቻለሁ። ያኔ ብርድ ነው ተባለ። ብርድ አልነበረም፣ ካልታከመ ቶንሲል የሚመጣው ሩማቲክ ፊቨር ነበር፤ ልቤን በልቶ ዝም ብሎ ቆየ። በሩ ሲጠብ ልቤ ተወጠረ፣ ምቱ ተዛባ። ይህ የተዛባ ምት ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይባላል፤ ልብ ውስጥ ደም ያረጋል፣ ወደ አንጎሌ የሄደውም ያ የረጋው ነው። እኔ የደጋፊ ልብ ያልኩት እሱን ነው።

«ይናገራል?» አለች ሰናይት።

«ምን ያህሉ እንደሚመለስ ከአሁኑ ልነግርሽ አልችልም» አለች ሐኪሟ። «መጀመሪያ ይትረፍ።»

ሳንባዬ የገባው የስኳር ውኃ ኒሞኒያ፣ የሳንባ ምች፣ ሆነ። ትኩሳት። ኦክስጅን። በአፍንጫዬ የሚወርድ የምግብ ቱቦ። አጠገቤ የተኛው ሰው ሞተ። የኔም ተራ መሰለኝ። መናገር ስለማልችል መሰናበትም አልችልም ነበር፤ ከሁሉ የከፋብኝ እሱ ነው። አለቀስኩ። ሰናይት ያመመኝ መስሏት ነርስ ጠራች።

ተረፍኩ። ቤት ስገባ ግን ቃል የለኝም። ፊዚዮቴራፒስቱ እየመጣ ቀኝ እጄንና እግሬን ያሠራኛል፣ ከዚያ ንግግር እንሞክራለን። በቃሌ የማውቀውን ነገር እንድለው ነገረኝ። የሳምንቱን ቀናት፣ አልወጣም። አባታችን ሆይን፣ አልወጣም። በአማርኛ እስከ አሥር መቁጠር፣ ስንት ዓመት ያስተማርኩት ሰው፣ «አንድ» እንኳ አልመጣልኝም። ሰው ሲጠይቀኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞር ጀመር። ሰናይት «ይመጣል» ትለኛለች፤ ጓዳ ገብታ ደግሞ ስታለቅስ እሰማታለሁ።

ኦቦ ለሜሳ ለብዙ ጊዜ አልመጡም። አፍረው ነው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በቶሎሳ ባጃጅ መጡና አልጋዬ ጫፍ ተቀመጡ። ሽማግሌ ሰው ሲያለቅስ ማየት ይከብዳል። የማይሠራውን ቀኝ እጄን ያዙ፣ ጣቶቼ እንደ ቡጢ ተጨብጠዋል። ምን እንደሚያደርጉ የሚያውቁ አይመስለኝም፤ አውራ ጣቴን ቀስ ብለው ዘረጉና «ቶኮ» አሉ። ያሉትን ሲሰሙ ራሳቸው ደነገጡ፣ አፋቸውን ያዙ።

«ለማ» አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ሰናይት ከጓዳ ወጣች። ኦቦ ለሜሳ ሁለተኛ ጣቴን ዘረጉ፣ «ሰዲ» አልኩ፤ ከዚያ ሳይቆም እንደ ጎርፍ እስከ ኩደን ወረደ፣ ጥርት ብሎ፣ በዚያ በቤቱ ዜማ። ከአሥሩ በኋላ አንድም ቃል አልተከተለም። ግን ድምፄን ሰምቻለሁ። ሐኪሟ በቀጠሮዬ ስትሰማ አልገረማትም፤ ተደጋግሞ በቃል የያዝነው ነገር አንዳንዴ ሌላው ሲጠፋ ይተርፋል አለችኝ። እኔን የገረመኝ ከሁሉ የተረፈልኝ እነሱ ሲቆጥሩልኝ የኖሩት መሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ኦቦ ለሜሳ ቁርስ ቤቱን ለልጃቸው ትተው ከሰዓት በኋላ ይመጡ ጀመር፣ እየቆጠርን እንጀምራለን፣ ከቁጥሩ መጨረሻ ላይ አንድ የአማርኛ ቃል እንቀጥላለን፣ «ውኃ»፣ «በቃ»፣ «ና»፣ እንዲህ እንዲህ እያልን ዛሬ ላይ ደርሼ ቀስ ብዬ፣ እየተንተባተብኩም ቢሆን፣ የምፈልገውን እናገራለሁ። ክፍል ግን አልተመለስኩም፤ ተማሪ የሚጠብቅበት ፍጥነት የለኝም። የትምህርት ቤቱን መጻሕፍት እጠብቃለሁ፣ ይህንንም በግራ እጄ ነው የጻፍኩት። ለልቤ በር ቀዶ ጥገና ተራ እየጠበቅሁ ነው፤ እስከዚያ የደም ማቅጠኛውን ዋርፋሪን እውጣለሁ፣ ደሜ ምን ያህል እንደቀጠነ በየጊዜው እመረመራለሁ፣ ጎመንም ስበላ አንድ ቀን አብዝቼ ሌላ ቀን አልተወውም፣ መድኃኒቱን ያዛባልና። ያ የልጅነት በሽታ እንዳይመለስብኝ የምወጋውን የፔኒሲሊን መርፌዬንም አላስተጓጉልም።

ኦቦ ለሜሳ ቤት አሁንም እሄዳለሁ። ዳገት ስለሌለው አይደለም፣ ሌላ ቦታ ስለሌለኝ ነው። ጨጨብሳዬ ከመምጣቱ በፊት «ፈገግ በል፣ ሁለት እጅህን አንሣ፣ አንድ ነገር ተናገር» ይሉኛል። አዳዲስ ደንበኞች ጨዋታ መስሏቸው አብረውኝ ያነሣሉ። የኔ ቀኝ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ያቺ የመጨረሻ ኳስ ትጽደቅ ትሻር እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም፤ ቶሎሳም ሊነግረኝ ሞክሮ አያውቅም።

ምክሬ አጭር ነው። ልባችሁ ከተዛባ ስም አታውጡለት፣ ስሙን ሐኪም ያውጣው፤ እናንተ ያለውን ሁሉ ንገሩት። የልጅ ጉሮሮ ሲታመም በዝንጅብል ብቻ አትሸኙት፣ አሳክሙት። ሰው አጠገባችሁ ወድቆ አፉ ከተጣመመ፣ እጁ ካልተነሣ፣ ንግግሩ ከተበላሸ ምንም አታጠጡት፣ ስኳርም ቢሆን፣ ጠበልም ቢሆን። ይዛችሁት ሩጡ። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚደረግ ነገር በኋላ አይገኝም። ወዳጃችሁ ቀልደኛ ቢሆንም እንኳ አትቁጠሩ።

ሐኪሟን አመሰግናለሁ። ቶሎሳን አመሰግናለሁ፤ ቪዲዮውን አጥፋው ብለውት ነበር፣ እኔ ነኝ ተወው ያልኩት። ኦቦ ለሜሳን አመሰግናለሁ፣ የሚያለቅሱበትን ዘመን ጨርሰዋል።

አንዲት ሰው ቀርታለች። ይህን ጽሑፍ እያነበበች ስሕተቴን የምታርምልኝ እሷ ናት፤ እዚህ ላይ ስትደርስ እንድታቆም ነግሬያታለሁ፣ ስሟን በአፌ ልጠራው። ከቃላቱ ሁሉ ዘግይቶ የመጣልኝ እሱ ነው። አንዳንድ ቀን ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን አይመጣም። ዛሬ ጠዋት ግን ሳልቆጥር መጣ፦ ሰናይት።