የጎሳችን ሰው ነኝ ያለው ደላላ

ታላቅ ወንድሜን የዓይን ግፊት ይዞት ነበር። ሐኪሙ፣ ጅማ ሄደህ በቶሎ ካልታከምክ ብርሃንህ ይጠፋል ብሎታል። ያለው ነገር ቦንጋ አጠገብ ማንኪራ ያለችው የጫካ ቡናው ብቻ ናት። በዚያ ዓመት የቦንጋ ነጋዴዎች የሚሰጡት ዋጋ ደግሞ ለሕክምናው አይበቃም።

በዚህ መሃል አንድ ደላላ መጣ። ቡናውን ስጡኝ፣ አዲስ አበባ ምርት ገበያ በስክሪን ነው የሚሸጠው፣ ዋጋው ሲወጣ ጠብቄ እሸጥላችኋለሁ አለ። ቁጭ ብሎ አባቱን፣ አያቱን ቆጠረ፤ የኛው ጎሳ ሆኖ ተገኘ። በኛ ዘንድ እንዲህ የቆጠረን ሰው ዋስ ጥራ ማለት ነውር ነው። ወንድሜ ተነስቶ አቀፈው።

ለእኔ አልተዋጠልኝም። ፊደል ብዙም አልዘለቅሁም፤ መጠየቅ ግን አላፍርም። ቦንጋ ሄጄ ንግድ ጽሕፈት ቤት ገባሁ። ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች ልጅ ፋይል አገላብጣ፣

"አባባ፣ ሰውዬው የነበረው የቆዳ ንግድ ፈቃድ ነው። እሱንም አላሳደሰም። የቡና ፈቃድ የለውም" አለችኝ።

"ይሄንኑ ጽፈሽ ማኅተም ምቺልኝ። ወንድሜ እኔን አያምንም።"

"ኃላፊው ሳይፈርሙ አልችልም። ግምገማ ላይ ናቸው፤ ሰኞ ይመለሱ።"

ባዶ እጄን ስመለስ ቡናው በበቅሎ መንገድ ዳር ወጥቶ አይሱዙ ላይ እየተጫነ ነው። የሰማሁትን ሁሉ ለወንድሜ ነገርኩት።

"ቆዳ የሸጠ ሰው ቡና መሸጥ ያቅተዋል?" አለ ወንድሜ። ጫኞቹ ሳቁብኝ።

"ጋሼ፣ እስከ ሰኞ ብቻ ቆይ።"

"የገዛ ሥጋችንን ቢሮ ሄደህ ከሰስከው? ካድሬ ሆንክ እንዴ በስተርጅና?"

እዚያው የቆመው ደላላ አንገቱን ደፋ፤ የተበደለ ሰው መሰለ። ወንድሜ ይቅርታ ጠይቀው አለኝ። አልጠየቅሁም። መኪናው ሄደ።

ከዚያ ወዲያ የሰውዬው ስልክ አልሠራም። ወንድሜ በየቀኑ በዱላ እየዳበሰ ሱቅ ሄዶ ያስደውላል። ክረምቱ ሲገባ በሩን ከግድግዳው መለየት አቃተው። ክንዱን ልይዘው ስሞክር መነጨቀኝ።

"አውቀህ ነበር" አለኝ።

"ነግሬህ ነበር እኮ ጋሼ!"

"ነገርከኝ። ታዲያ ምነው የመኪናው ጎማ ሥር አልተኛህ?"

የቀለደ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አይቀልድም።

አሁንም በዓመት በዓል ቤቱ እሄዳለሁ። ድምፄን ሲሰማ ወደ ግድግዳው ይዞራል። ሚስቱ "ይቀመጡ" ትለኛለች፤ እቀመጣለሁ። ቃል ሳንለዋወጥ ይመሻል።