ቅቤ የጠጣ የበር ጎማ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ከስድስተኛ ክፍል ካቋረጥኩ ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት ዓረብ አገር ልሄድ ስል ፎርም ላይ ለመፈረም ነው። ይህን ግን በአፌ ለሰው መናገር ስላቃተኝ ልጻፈው።

ደብረ ታቦር መውጫው ላይ መኪና አጥባለሁ። ከዓረብ አገር ስመለስ ወደ ገጠር ቤታችን አልገባሁም። አባቴ እኔ ሳልኖር አርፎ፣ ወንድሜ ከነሚስቱ ቤቱን ይዞት ነበር። ስለዚህ ከተማ አንድ ክፍል ተከራየሁ። አብረውኝ የሚያጥቡት ሲሳሳቁ ይውላሉ። መጀመሪያ ሰሞን ያናግሩኝ ነበር፤ አፌ አልፈታ ሲል ተዉኝ። «ምላሷን ዓረብ አገር ትታው መጣች» ይላሉ፤ በክፋት አይደለም። ከማንም ጋር ሳልነጋገር ሦስት አራት ቀን የሚያልፍበት ጊዜ አለ።

የሚያናግሩኝ አንድ ሰው ነበሩ፤ ወደ ባሕር ዳር ሚኒባስ የሚነዱ ሽማግሌ ሾፌር። ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናቸውን የማጥበው እኔ ነኝ። አጠገቤ ቆመው፣ ሐሙሲት ላይ በግ አቅፌ ልሳፈር ስላላቸው ሰውዬ፣ አንበሳሜ ላይ ስለያዛቸው ዝናብ ያወሩልኛል። መልስ አይጠብቁም። ሳምንቱን የምቆጥረው በእሳቸው ቅዳሜ ነበር።

አንድ ቅዳሜ የበሮቹ ዙሪያ ጎማ ደርቆ መሰነጣጠቁን፣ አቧራ እየገባ ተሳፋሪ ማጉረምረሙን ነገሩኝ። ጎማው ከተቀየረ ዓመት አልሞላውም። ደስ ላሰኛቸው ፈለግሁ። አባቴ የእርሻው ጠፍር ሲደርቅበት ቅቤ ቀብቶ በእጁ ያሸው ነበር፤ ጠፍሩም ይለሰልሳል። ጎማም እንደ ቆዳ መሰለኝ። በሳምንቱ፣ ሳያዩኝ፣ ከገበያ የገዛሁትን ለጋ ቅቤ በየበሩ ጎማ ላይ አሸሁበት። ጥቁረቱ ወዲያው አንጸባረቀ። በጣታቸው ነክተው ምን እንዳደረግሁት ጠየቁኝ። ፈገግ አልኩ እንጂ አልነገርኳቸውም። ያን ቀን ብቻዬን እየሳቅሁ ቤቴ ገባሁ።

ሁለት ወር ሳይሞላ ጎማው አበጠ፤ አቧራ ለቅሞ እንደ ሊጥ ይጣበቅ ጀመር። አንድ ቅዳሜ የተሳፋሪው በር ሲከፈት ተላቆ ተንጠለጠለ። ዝናብ ገብቶ አንዲት እናት ከነሕፃኗ በስብሳባቸው ነበር። ሾፌሩ በጣም ተቆጥተዋል፤ በእኔ ግን አይደለም። ጎማውን የሸጠላቸው የባሕር ዳር ነጋዴ አሮጌ ዕቃ እንደሰጣቸው እርግጠኛ ሆነዋል። ሰኞ ሱቁ ድረስ ሄደው ሌብነቱን በሰው ፊት ሊነግሩት ነው።

ዝም ብል ማንም አያውቅም። ብናገር ደግሞ ቅዳሜዬ ይቀራል። ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ደጋግሜ እየነከርኩ ስጨምቅ ቆየሁ። ሞተር ሲያስነሱ መስኮታቸውን ያዝኩ።

«ጋሼ፣ ነጋዴውን አይናገሩት። እኔ ነኝ። ቅቤ ቀብቼው ነው።»

አዩኝ። ከዚያ ማርሽ አስገብተው ሄዱ።

በሳምንቱ አልመጡም። በሚቀጥለውም ቀሩ። መኪናቸው አስፋልቱን ይዞ ሲያልፍ አየዋለሁ፤ በሩ ዙሪያውን በፕላስቲክ ተጠቅጥቋል። አብራኝ የምታጥብ አንዷ፣ «ሽማግሌሽ ኮበለሉ እንዴ?» አለችኝ። ያጠብኩትን መኪና እንደገና ማጠብ ጀመርኩ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ በሬን ዘግቼ ዋልኩ። ዓረብ አገር እንኳ የምሠራበት ቤት ሕፃናት በስሜ ይጠሩኝ ነበር።

በሦስተኛው ቅዳሜ ጠዋት መጡ። በሩ አዲስ ጎማ ተገጥሞለታል። ከኪሳቸው የመድኃኒት ቤት ግሊሰሪን አውጥተው ሰጡኝ። አዲሱን ጎማ ሲሸጥላቸው ነጋዴው ራሱ ነው የነገራቸው፤ ጎማው በሳሙና ውኃ ይታጠባል፣ በደንብ ይደርቃል፣ ከዚያ ግሊሰሪኑ በጨርቅ ሳሳ ተደርጎ ይቀባል። ቅቤና ዘይት ግን ጎማ ይበላል።

«ቅቤውን ለራስሽ ተቀቢው» አሉኝ። «ጸጉርሽ ከጎማው ብሶ ደርቋል።»

አንገቴን ደፍቼ ከፊት በር ጀመርኩ። እንደ ወትሮው አጠገቤ ቆመው አላወሩም፤ ወደ ማዶው ቁርስ ቤት መንገድ ጀመሩ። አሁንም ተቀይመውኛል ብዬ ቀና ሳልል ጎማውን ስጠርግ፣ አስፋልቱ ዳር ቆም ብለው ዞሩና እንዲህ አሉኝ፦

«ስትጨርሺ ነይ። እኔም ብቻዬን መብላት ሰልችቶኛል።»